መንግሥት ለችግረኛው ገበሬ የሚከፍለው ገንዘብ እንዴት ይደርሳል?
ከሻንቶ አካባቢ ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ማብራሪያ



በዳሞት ፑላሳ ወረዳ በሻንቶና በዙሪያዋ ያሉትን ጉባኤዎች በጎበኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። ይኸውም «መንግሥት ለችግረኛው ገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ የማን ነው? ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው የሚከለከለውስ በምን ሕግ ነው?» የሚል ነው። አንዳንዱ ወገን ገንዘቡ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስጦታ ይመስለዋል። ሌላው ከውጭ አገር በቤተ ክርስቲያን በኩል የተላከ ዕርዳታ ነው ብሎ ያስባል። ዕጣ እንደሚወጣለት የሚያምንም አለ። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት አስበናል።

በመጀመሪያ ግን ይህን ለመጻፍ ያነሣሣንን እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሻንቶ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ አንዲት ባልቴት እናት አግኝተን ነበር። ስማቸው በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ተጽፏል። ዕድሜያቸው ገፍቶ ጉልበታቸው ስለ ደከመ እርከን ሊሠሩ አይችሉም፤ ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ በእርሳቸው ፈንታ ይልኩት ነበር። ሥራው ከተጓደለ ስማቸው የሚሰረዝ መስሏቸው ነው። በዚያው ዓመት ክፍያው ዘገየ። በቤት የሚቀመስ ሲጠፋ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ወደ ገበያ አውጥተው ገዢው በቆረጠላቸው ዋጋ ሸጧት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ገንዘቡ መጣ። «ገንዘቡ መጣልኝ ልጆቼ፤ ጊደሬ ግን ሄደች» አሉን።

እኒህን እናት ሁለት ነገሮች ጎድተዋቸዋል። አንደኛው የገዛ መብታቸውን አለማወቃቸው ነው፤ ሁለተኛው የገንዘቡ መዘግየት ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው።

1ኛ. ክፍያው ከየት መጣ?

በአገራችን በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ከታወቀ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የአሠራሩ መንገድ አንድ ነበር። ዝናብ ይቀራል፤ የተራበው ሕዝብ ይቆጠራል፤ ለዓለም ጥሪ ይደረጋል፤ እህል በመርከብ ይጫናል፤ ከወደብም በመኪና ወደየገጠሩ ይጓጓዛል። በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ረሃብ ጊዜ ወላይታም ከተጎዱት አውራጃዎች አንዷ ስለ ነበረች አረጋውያን ወገኖቻችን ይህን በሚገባ ያስታውሳሉ። ዕርዳታው የብዙዎችን ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ፣ የዘር እህሉንም ከበላ በኋላ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር ከ13 ሚሊዮን አለፈ። ያን ጊዜ መንግሥትና ለጋሽ አገሮች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ብዙው ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ የሚራብ ነው። በየዓመቱ እንደሚራብ አስቀድሞ ለሚታወቅ ሰው በየዓመቱ አዲስ ጥሪ ማድረግ ምን ይጠቅማል? በዚህ ምክንያት በጥር 1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያቀፈ ሲሆን ቆይቶም ከ7 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ወደ 8 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲረዳ የታቀደ ነበር። ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥት በጀትና እንደ ዓለም ባንክ ካሉ ለጋሾች ነው። እንግዲህ የሊቀ መንበሩ ስጦታ አይደለም፤ የጉባኤያችንም ገንዘብ አይደለም።

2ኛ. ለማን ይገባል?

በሌሎች አገሮች አሠራሩ ይለያያል። በአሜሪካ ድርቅ ወይም በረዶ ሰብሉን ያጠፋበት ገበሬ ካሣ የሚያገኘው በጠፋው ሰብል መጠን ነው፤ ሰፊ እርሻ ያለው ብዙ ይቀበላል። በሕንድ አገር በ1997 ዓ.ም. ገደማ የወጣ ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት የ100 ቀን የቀን ሥራ ዋስትና ሰጥቶ ነበር። የእኛ አገር አሠራር ለሕንዱ ይቀርባል። የሚለካው በጠፋው ሰብል አይደለም፤ በቤተሰቡ ነፍስ ቁጥርና ቤተሰቡ ያለ ምግብ በሚቆይባቸው ወራት ነው። በወላይታ የብዙው ገበሬ መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ ስለማይሞላ በጠፋው ሰብል ቢለካ ኖሮ ለድኻው የሚደርሰው ከቁጥር የሚገባ ባልሆነ ነበር።

ዋናው መመዘኛ ቤተሰቡ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት የደረሰበት መሆኑ ነው። በድንገተኛ አደጋ ንብረቱን ያጣ ቤተሰብም ሊታይለት ይችላል። ሰዎቹን የሚመርጠው ከነዋሪው የተውጣጣ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሲሆን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ይገኙበታል። ዝርዝሩ በስብሰባ ለሕዝብ መነበብ አለበት። «ይህ ሰው ባለጠጋ ነው»፣ ወይም «ይህች ድኻ ተረስታለች» የሚል ሁሉ እዚያው ይናገራል። ከዚህም ሌላ በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። የሃይማኖት ልዩነት፣ የፖለቲካ አባልነት ወይም ዝምድና በመመዘኛው ውስጥ የለም። ይህን ደግመን የምንጽፈው በቤተ ክርስቲያን በኩል «የእኛን ሰው አስገቡልን» የሚል ልመና አንዳንድ ጊዜ ስለምንሰማ ነው። ከእኛ ጉባኤ ውጭ ያለችው ድኻ ጎረቤት መብቷ ከእኛው እኩል ነው።

ከተመረጡት ውስጥ ጉልበት ያላቸው በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራሉ። እርከን ይሠራሉ፤ የተጎዳ ተራራ ይከልላሉ፤ ኩሬ ይቆፍራሉ፤ መንገድ ይጠርጋሉ። የሥራው ልክ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሲሆን ለስድስት ወር ይቆያል። ለምሳሌ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 25 ቀን ይታሰብለታል።

አሁን የምንጽፈውን በተለይ ልብ በሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የታመሙ፣ ሊሠሩ የማይችሉ አካል ጉዳተኞችና ሌላ የሚሠራላቸው ሰው የሌላቸው ሁሉ ሳይሠሩ እንዲከፈላቸው ተደንግጓል። ይህም ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ወጥተው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ። ዕድሜው ለሥራ ያልደረሰ ልጅ በዚህ ሥራ እንዳይሰማራ ተከልክሏል። ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸው እናት የልጅ ልጃቸውን መላክ አልነበረባቸውም። መብታቸው ከመጀመሪያው ቀጥታ ድጋፍ ነበር። ይህን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። በየእሑዱ በጉባኤ አጠገባቸው የምንቀመጠው እኛም አልነገርናቸውም።

3ኛ. ገንዘቡ ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው?

ፕሮግራሙ ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነበር። በእህል ለሚከፈለው ደግሞ በቀን 3 ኪሎ ነበር። ይህም ማለት የገንዘቡ ልክ የተወሰነው ኪሎው 2 ብር፣ ኩንታሉም 200 ብር ይሆናል በሚል አሳብ ነው። በኋላ በ2000 ዓ.ም. የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር ከፍ አለ። ነገር ግን በዚያ ዓመት የእህል ዋጋ በዓለምም በአገራችንም አሻቀበ፤ በብዙ ገበያዎች ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኩንታሉ 400 ብር ሲገባ 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ብቻ ነው። ዋጋው ከዚያም ሲያልፍ 2 ኪሎም አልሞላ። ገንዘቡ ጨመረ፤ እንጀራው ግን አነሰ።

በሻንቶ 2000 ዓ.ም. የማይረሳ ዓመት ነው። እንደምታውቁት በወላይታ ከክረምት መውጫ የሚተከለው ስኳር ድንች በበጋው መጨረሻና በበልግ ወራት የሚደርስ የችግር ጊዜ ምግብ ነው። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናቡ ስላነሰ ስኳር ድንቹ ከሸፈ። ቀጥሎም የበልጉ ዝናብ በጊዜው ቀረ። ዘግይቶ ሲዘንብ እርሻው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ በቆሎው ግን ገና እሸት አላፈራም ነበር። ከዚህ የተነሣ «አረንጓዴው ረሃብ» የሚል ስም ወጣለት። በመኪና መንገድ የሚያልፍ ሰው ለምለም ምድር ያያል፤ በየጎጆው ግን የሚበላ አልነበረም። በሰኔ ወር ወደ ሻንቶ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞች በምግብ መስጫው ጣቢያ ሕፃናት ብቻ ሳይሆኑ ጎልማሶችም በረሃብ ከስተው እንዳገኙ ለዓለም ጽፈዋል። ጎልማሳ ሰው እስኪከሳ ድረስ የተራበበት አገር ረሃቡ እጅግ እንደ ከበደ ምልክት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ሴፍቲኔቱ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሕጉም ላይ ለእንዲህ ያለው ክፉ ዓመት የሚሆን መጠባበቂያ ነበረው። ከበጀቱ 5 ከመቶ በወረዳ፣ 15 ከመቶ በክልል እንዲቀመጥ ተደንግጎ ነበር። ሆኖም በየዓመቱ ለሚራበው ተብሎ የተሰፋ ልብስ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ሲራብ አይበቃም። በመዝገቡ ላይ ያልነበሩ ቤተሰቦችም ተራቡ። ለእነዚህ የሚሰጠው ዕርዳታ የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ነው፤ ከሴፍቲኔት የተለየ መዝገብና የተለየ መንገድ አለው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁለቱን ባለመለየት ነው። አንዱ ቤተሰብ በየዓመቱ ስለሚቸገር በሴፍቲኔት ይታቀፋል፤ ጎረቤቱ ግን ዘንድሮ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ለጥቂት ወራት የዕርዳታ እህል ይቀበላል። ሁለቱም እንደ ሕጉ ነው።

ሌላው ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው። ይህ ክረምትን ለሚጠብቀው ደጋ አገር የሚስማማ ነው። በእኛ በኩል ግን የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለሆነ፣ ገበሬው ለገዛ ማሳው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት እርከን ላይ ይውላል። ክፍያው ደግሞ የሥራው ቀን ተቆጥሮ፣ ስሙ በክፍያ ዝርዝር ተጽፎ፣ ከወረዳ ተረጋግጦ፣ ገንዘቡም ከላይ ተልኮ ነው የሚደርሰው። ከእነዚህ አንዱ ቢሰናከል ሁሉም ይቆያል። በመጋቢት ይደርሳል የተባለው በግንቦት ሊመጣ ይችላል። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ጊደር ይሸጣል፤ ያልደረሰ እንሰት ይፋቃል፤ ማሳም በኮንትራት ለሌላ ይሰጣል፤ በከባድ ወለድ ገንዘብ ይበደራሉ። ተዘግይቶ የሚመጣው ገንዘብ ለአበዳሪው ይሆናል እንጂ ለልጆች ጉሮሮ አይሆንም።

4ኛ. ጉባኤዎችና ሠራተኞቻችን ምን እናድርግ?

ሀ) ሕጉን እናስተምር። ዝርዝሩ የሚነበብበት ስብሰባ መቼ እንደሚሆን ከቀበሌ ጠይቁና በእሑድ ጉባኤ አስታውቁ። ባልቴቶች፣ ማየት የተሳናቸውና ሽማግሌዎች ብቻቸውን እንዳይሄዱ ዲያቆናት ያድርሷቸው። ሥራ የማይችል ሰው በሥራ ዝርዝር ውስጥ ከተጻፈ፣ ወይም ሕፃን ልጅ ሲሠራ ካያችሁ፣ ሳትቆጡና ሳትሳደቡ አብራችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሂዱ። ቅሬታውን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቀኑንም ጻፉበት። በብዙ ቦታ ስህተቱ የሚቆየው በክፋት ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱ ነው።

ለ) የክፍያውን ቀን እናክብር። ገንዘቡ ያለ ቅናሽ ሙሉውን ለባለመብቱ መድረስ አለበት። በክፍያ ቀን ግን ብዙ እጅ ይዘረጋል። የዕድር መዋጮ ጠያቂ አለ፤ ባለ ዕዳ አለ፤ ልዩ ልዩ መዋጮ ሰብሳቢ አለ። ወገኖች ሆይ፣ እውነቱን እንናገርና የእኛም የሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ደብተር በዚያ ቀን ሲዞር አይተናል። ይህን እንድንተው በብርቱ እናሳስባለን። ባልና ሚስትም ገንዘቡን በአንድነት ተማክረው እንዲያውሉት በቤተሰብ ትምህርት ላይ ይነገር። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የቤተሰቡ ሁሉ ነፍስ ቁጥር ነውና ገንዘቡ የአባወራው ብቻ አይደለም።

ሐ) የመሸጋገሪያ እህል እናስቀምጥ። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋብ ዓመታት ያከማቸው እህል በረሃቡ ዘመን ሕዝብን እንዳዳነ እናስተምራለን። በትንሹም ቢሆን ይህን ማድረግ ይቻላል። በጥቅምትና በኅዳር በቆሎ ተሰብስቦ ዋጋው ሲወርድ፣ ጉባኤው በኅብረት ጥቂት ኩንታል ይግዛ ወይም ከአባላት ይሰብስብ። በሚገባ ደርቆ ከነቀዝ ተጠብቆ ይቀመጥ። አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ በሴፍቲኔቱ የእህል ልክ የወሩ ድርሻ 75 ኪሎ ነው። ስለዚህ 6 ኩንታል በቆሎ 8 ቤተሰቦችን ለአንድ ወር ያሻግራል። ክፍያው ሲዘገይ ይህ እህል ያለ ወለድ ይበደራል። ገንዘቡ ሲመጣ የተበደረው በእህል ይመልሳል፤ ወይም ለአዝመራ ጊዜ ይቆይለታል። ለመመለስ ፈጽሞ አቅም የሌለው ቢኖር ግን ጉባኤው ይሸከመው እንጂ ጊደሩ እንዳትሸጥ። መዝገቡን ሁለት ሰዎች ይያዙ፤ ከእነርሱም አንዷ ሴት ትሁን።

መ) የፕሮጀክት ሠራተኞች ከወረዳው ጋር ይመካከሩ። እኛ ደግሞ የራሳችንን ዝርዝር ከላይ ስንደርብ አንዱ ቤት ሁለት ጊዜ ይረዳል፤ ሌላው ይረሳል። አስቀድመን የሴፍቲኔቱን ዝርዝር እንይና ከዚያ የተረሳውን እንፈልግ። የእኛን የልማት ሥራም በበልግ የዘር ሳምንታት አናድርገው። ገበሬውን ከማሳው የምናስቀር ሦስተኛ ወገን መሆን የለብንም።

ሠ) ስለ «ምረቃ» እንጠንቀቅ። ቤተሰቡ ራሱን ሲችል ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ ይህም ምረቃ ይባላል። የፕሮግራሙ ዓላማ ስለሆነ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አንድ ጥሩ የበልግ አዝመራ ያገኘ ሰው ራሱን ችሏል ማለት አይደለም። የተመረቁ ቤተሰቦችን ቢያንስ ለሁለት የበልግ ወቅቶች እንጎብኝ፤ የዘር፣ የበግና የዶሮ ፕሮጀክታችንንም በእነርሱ እንጀምር።

ማጠቃለያ

የውጭው ዕርዳታ ለዘላለም የሚቆም አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህል ከታለመለት ሕዝብ ተወስዷል በሚል ምክንያት የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ ለወራት አቋርጠው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ። በአንድ ወረዳ የተሰረቀ እህል በሌላ ወረዳ ያለችውን ንጹሕ እናት እንደሚያስርብ ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ በቀበሌያችን ዝርዝሩ እውነተኛ እንዲሆን መጠበቅ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለማናውቀውም ወገን የሚደረግ አገልግሎት ነው።

ከላይ ያነሣናቸው ባልቴት እናት በኋላ አንድ የጉባኤያቸው ዲያቆን አብሯቸው ወደ ቅሬታ ሰሚው ሄዶ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛውረዋል። የልጅ ልጃቸውም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል። ለዚህ ያስፈለገው የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ጊዜ ነበር። ጊደሯን ግን እስከ ዛሬ አልተኩም።

እያንዳንዱ ጉባኤ በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ሁለት ጥያቄ እንዲያነሣ እንለምናለን። በመካከላችን ሥራ የማይችል ሆኖ በሥራ ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ማን አለ? ክፍያው ቢዘገይ ከብቱን የሚሸጠው የትኛው ቤት ነው? ስማቸውን ጻፉና በስም ጸልዩላቸው፤ ከጸሎት በኋላም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወደ እያንዳንዱ ቤት ላኩ። ያደረጋችሁትን በሚቀጥለው ጉብኝታችን ብትነግሩን ለሌሎች ጉባኤዎች እናካፍላለን።

የጌታ ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።